ስለ ቀልድና ስለ ቀልደኞች

የይስሐቅ ስም ትርጓሜው ሣቅ መሆኑን መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ሣቅ ከቁም ነገር የራቀ፣ ለሊቅም ለሽማግሌም የማይገባ ነገር ነው እያሉ የሚከራከሩትን ሰዎች ይህን አንድ ስም ብቻ ብናስታውሳቸው የሚበቃ ይመስለኛል። ዛሬ ግን ለመጻፍ የተነሣሁት በራዲዮና በቴሌቪዥን እየመጣ እስከ ዱርቤቴ ድረስ ስላሳቀን ጨዋታ ነው።

ዱርቤቴ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በመርዓዊ በኩል ወደ ዳንግላ የሚሄድ መንገደኛ የሚያልፍባት የአቸፈር ከተማ ናት። በ1970ዎቹ ዓመታት፣ እኔ ዳዊት ስደግም በነበረበት ጊዜ፣ ራዲዮ ያለው ቤት በጣት የሚቈጠር ነበረ። በሰፈራችን አንዲት ጠላ ሻጭ እናት በድንጋይ የሚሠራ ራዲዮ ነበራቸው። ድንጋዩ በደከመ ጊዜ እንደ ብቅል ፀሐይ ላይ ያሰጡትና፣ ማታ ጥቂት ነፍስ ሲዘራ ጎረቤቱን ሁሉ ይጠሩ ነበር። የዜማው ትምህርት ካለቀ በኋላ እኛም ልጆቹ በግድግዳው ሥር ተጠግተን እናዳምጣለን።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የወሰደው ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ራዲዮ ያነበበው የሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር ነበረ። መጽሐፉ የኀዘን መጽሐፍ መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ፊታውራሪ መሸሻ በገዛ ባላገሮቻቸው ላይ ዘምተው ራሳቸው በተማረኩ ጊዜ በዚያች ጠላ ቤት የተነሣው ሣቅ እስከ ዛሬ በጆሮዬ ያለ ይመስለኛል። ወጋየሁ አንድ ሰው ሲሆን በአንድ ጕሮሮ ጌታውንም፣ ሎሌውንም፣ ቄሱንም፣ እመቤቲቱንም ይሆን ነበረ። የሚስቁትም ሰዎች የጎጃም ገበሬዎች ነበሩ፤ የሚሣቅበት ደግሞ ግብር አምጡ የሚለው ጌታ ነበረ። የዚህን ነገር ትርጉም ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ቀልድ ወደ አገራችን በራዲዮ የመጣ አለመሆኑን ለመናገር ከጣና ማዶ ያለውን ፎገራን ማስታወስ ይበቃል። አለቃ ገብረ ሐና የዚያ አገር ሰው ናቸው። እሳቸው በአቋቋም ሊቅነታቸው ከልጃቸው ከአለቃ ተክሌ ጋራ ለደብረ ታቦር የዝማሜ ሥርዓት ያተረፉ መምህር ሲሆኑ፣ ሕዝቡ ግን በይበልጥ የሚያስታውሳቸው በመኳንንቱ ፊት ሳይፈሩ በሚወረውሩት ቀልድ ነው። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ፋቡላ የተባለውን የአውሬዎች ኮሜዲያ ባዘጋጁ ጊዜም ቀልዱ ወደ ላይ የተወረወረ መሆኑ ስለ ታወቀ፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደባቸው። ከዚያም ወዲህ መንግሥቱ ለማ በጠልፎ በኪሴና በያላቻ ጋብቻ የተማረውን ሰው ኵራት መድረክ ላይ አውጥተው አሳቁበት። (የአለቃ ለማ ልጅ መሆናቸውን እዚህ ላይ ማንሣት የቤተ ክህነት ልጅ ትምክሕት ቢመስልብኝም አልተወውም።)

ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተከፈተ ጀምሮ፣ ተስፋዬ ሣህሉ፣ ማለት ሁላችን አባባ ተስፋዬ የምንላቸው፣ ከአርባ ዓመት በላይ ልጆችን በተረት ሲያጫውቱ ኖረው በ2009 ዓ.ም. ዐረፉ። ቀጥሎም ዘመኑ የአለባቸው ተካና የልመንህ ታደሰ፣ የደረጀና የሀብቴ፣ የተስፋዬ ካሳ ሆነ። የእነዚህን ሰዎች ጨዋታ በካሴት ያልሰማ የአውቶቡስ መንገደኛ በዚያን ጊዜ ማግኘት አስቸጋሪ ነበረ። ሾፌሩ ካሴቱን ሲያገላብጥ ተሳፋሪው ሁሉ ቀልዱን ቀድሞ በቃሉ ይለው ነበር፤ ነገር ግን እንደ ገና ይሥቃል።

በ1980ዎቹ መጨረሻ በዱርቤቴ ቴሌቪዥን ባለበት አንድ ሻይ ቤት ከአባቴ ጋራ ተቀምጠን ሳለ፣ አንድ ቀልደኛ የባላገር ልብስ ለብሶ፣ አዲስ አበባ ገብቶ መንገድ የጠፋው ገበሬ ሆኖ ታየ። ቤቱ በሣቅ ተናወጠ፤ እኔም ሣቅሁ። አባቴ ግን ጥቂት ዝም ብለው ከቈዩ በኋላ፣ «ይኼ ሰውዬ መንገድ የሚያሳየው ሰው አጣ እንጂ ሞኝ አይደለም፤ ታዲያ ምኑ ያስቃል?» አሉኝ። የአባቴን ነገር እንደ ሽማግሌ ጭፍግግነት ቈጠርሁት።

ከዚያ በኋላ በመሥሪያ ቤት ተቀጥሬ አዲስ አበባ ገባሁ። በሻይ ሰዓት ባልንጀሮቼን ለማስደሰት የአባቴን አነጋገር፣ ሰላምታቸውን፣ ስልክ ሲያነሡ የሚጮኹትን ጩኸት ሳይቀር እያስመሰልሁ አሳያቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር የተወደድሁት በዚህ ነው። አንድ ቀን አባቴ ማር በቅል ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ። ከበሩ ቆመው፣ «እንዴት ዋላችሁ፣ ደኅና ናችሁ?» ከማለታቸው የክፍሉ ሰው ሁሉ በሣቅ ፈነዳ። አባቴም የደስታ አቀባበል መስሏቸው አብረው ሣቁ። ማታ ቤት ከገባን በኋላ ግን፣ «ልጄ፣ ሰዎችህ ደጎች ናቸው፤ ነገር ግን ምን ብዬ ነው ያሳቅኋቸው?» ብለው ጠየቁኝ። ልመልስላቸው አልቻልሁም። እስከ ዛሬም አልመለስሁላቸውም።

ስለዚህ የቀድሞዎቹን ጨዋታዎች ስናፍቅ ሁሉንም አንድ ላይ አላመሰግንም። በባላገር አነጋገር ብቻ የሣቁ ብዙዎች ነበሩ፤ እነዚያ ቢረሱ አላዝንም። ራሳቸውን፣ ባለሥልጣኑን፣ የከተማውንም ጮሌ ሳይምሩ ያሳቁን ግን እንዳይጠፉብን እሠጋለሁ። አለባቸው ተካ በመኪና አደጋ ሞተ፤ ሀብቴ ምትኩም ተስፋዬ ካሳም የሉም። ከእነርሱ የቀረው ድምፃቸው ነው። ድምፃቸውም የተቀዳበት ክር ሙቀትና እርጥበት የሚያበላሸው፣ ከዓመት ወደ ዓመት የሚደክም ነገር ነው። ከሰው እጅ ያሉት ካሴቶች ማጫወቻቸው ከመኪናም ከቤትም እየጠፋ ሄዷል። በራዲዮና በቴሌቪዥን መሥሪያ ቤቶች መዝገብ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ አዲሱ መሣሪያ ቢገለበጥና፣ ማን እንደ ጻፈው፣ ማን እንደ ተጫወተው፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ተቀዳ ተጽፎ ቢቀመጥ፣ እንደ ቤቶችና እንደ ምን ልታዘዝ ያሉትን ተከታታይ ጨዋታዎች ያዘጋጁትም ሆኑ ከእነርሱ በኋላ የሚመጡት አባቶቻቸውን ያውቁ ነበር።

በዚህ ዓመት ለፋሲካ ዱርቤቴ በወረድሁ ጊዜ አባቴ ዓይናቸው ደክሞ መደብ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የእኅቴ ልጅ የደረጀንና የሀብቴን አንድ ጨዋታ በእጅ ስልኩ ከፍቶ ወደ ጆሯቸው አስጠጋላቸው። ድምፁ የተንሻፈፈና ከካሴት በካሴት የተገለበጠ ስለ ነበረ፣ እኔ ግማሹን መስማት አልቻልሁም። አባቴ ግን ቀልዱ ሳያልቅ ቀድመው ሣቁ፤ ደግመህ ክፈተው አሉት፤ ልጁም ደግሞ ከፈተው።