የሐረጎን ቁልቁለት በየትኛው ታኬታ?

እ.ኤ.አ ጁላይ 4 ቀን 1954 ስዊዘርላንድ፣ በርን ላይ ዝናብ ይጥል ነበር። የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ነው። የነፑሽካሽ ሀንጋሪ በምድቡ ጨዋታ ምዕራብ ጀርመንን 8ለ3 ቀጥቅጣ ነው እዚህ የደረሰችው፤ ፍጻሜውንም ገና በ8ኛው ደቂቃ 2ለ0 እየመራች ነበር። ሲያልቅ ግን ውጤቱ 3ለ2 ሆነና ዋንጫው ጀርመን ገባ። ያ ጨዋታ በተነሳ ቁጥር የአዲዳሱ መሥራች አዲ ዳስለርም አብሮ ይነሳል። ለጀርመኖቹ ጥርሱ እንደ ብሎን እየተፈታ የሚቀየር ታኬታ ሠርቶላቸው ነበር፤ ሜዳው ሲጨቀይ ረዥሙ ጥርስ ታሰረ። ዋንጫውን ያመጣው ታኬታው ብቻ ነው የሚል ካለ ኳስ አያውቅም። ጭቃ ላይ መቆምና መንሸራተት ልዩነት የለውም የሚለውም እንደዚያው።

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ላይ ሞተሩን አቁሞ «ጥርሱ ደህና የሆነ ጎማ አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የዳስለርን ጥያቄ ነው የሚጠይቀው። ችግሩ፣ ተጫዋች በእረፍት ሰዓት መልበሻ ክፍል ገብቶ ታኬታ ይቀይራል፤ ሞተረኛ ይህ ዕድል የለውም። በዚያችው ጎማ ጠዋት በጉም ውስጥ የሐረጎን አስፋልት እየተጠማዘዘ ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ በማግስቱ ወደ ኩታበር ይወጣል፣ ሳምንቱ ሳያልቅ ደግሞ የወረኢሉና የጃማ ጥቁር አፈር ይጠብቀዋል። ደቡብ ወሎ ላይ ጭቃው በክረምት ብቻ መች ይመጣና! በልግም አለ። ለግሸን ማርያም መስከረም 21 የሚወጣው ምዕመን መንገዱ በወጉ ሳይደርቅ እንደሚደርስ ደግሞ ያገሬው ሰው ያውቀዋል።

አስፋልቱንም ፒስታውንም እችላለሁ የሚለው ሞተር ፈረንጆቹ ጋ የራሱ ስም ያለው ትልቅ ገበያ ሆኗል፤ የጀብዱ ሞተር ይሉታል። ለመነሻው ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ በ1980 ያወጣው አር 80 ጂ/ኤስ ነው። ሁለቱ ፊደላት በጀርመንኛ ሜዳና መንገድ እንደማለት ናቸው። ይህን ሞተር ስም ካስጠሩት ጋላቢዎች አንዱ የተወለደው ሌላ የትም አይደለም፣ አዲስ አበባ ነው። ሁበርት ኦሪዮል ይባላል፤ ፈረንሳዊ ነው፣ የተወለደው እ.ኤ.አ በ1952። የፓሪስ ዳካርን ውድድር በ1981 እና በ1983 በቢኤምደብሊው ሞተር አሸነፈ። በ1987 በካጂቫ ሞተር እየመራ ሳለ መጨረሻው አካባቢ ወድቆ ሁለቱንም ቁርጭምጭሚቱን ሰበረ፤ ያም ሆኖ የዕለቱን ርቀት ጨርሶ ነው የወረደው። በ1992 በመኪና ተመልሶ መጣና አሸነፈ። በሞተርም በመኪናም ዳካርን በማሸነፍ የመጀመሪያው እሱ ነው። ቅጽል ስሙ «አፍሪካዊው» ነበር። እ.ኤ.አ በጥር 2021 አርፏል።

ታዲያ የዳካርን ጎማ ገዝቶ ማሰር ነዋ! የሚል አይጠፋም። አይሆንም። የዳካር ሞተረኞች ጎማቸው ውስጥ በንፋስ ፋንታ እንደ ስፖንጅ ያለ ወፍራም ነገር ያስገባሉ፤ እሾህም ድንጋይም አያፈነዳውም። ግን አስፋልት ላይ ረዥም መንገድ በፍጥነት ሲነዳ ይግላል፣ ይበላሻል። በዚያ ላይ ከኋላቸው መካኒክና የጎማ ክምር ተከትሏቸው ይሄዳል። የሰኞ ገበያው ሞተረኛ የሚከተለው ካለ ገንዘብ ጠያቂ ነው።

ጎማ ሠሪዎቹ በመቶኛ ያወራሉ። 80 በ20 ካሉ ሰማንያው ለአስፋልት፣ ሃያው ለፒስታ ማለት ነው። 50 በ50 አለ፤ እንደ ኮንቲኔንታል ቲኬሲ 80 ያለው ደግሞ ወደ ፒስታው ያደላል። ቁጥሩን እንደ ውሃ ልክ ማመን አይገባም፣ ከሳይንስ ይልቅ ለማስታወቂያ ይቀርባል። የሚያዋጣው ጥርሱን በዓይን ማየት ነው። ጥርሶቹ ትልልቅና የተራራቁ ከሆኑ ጎማው ሲሽከረከር የጎረሰውን ጭቃ ይተፋዋል። የተቀራረቡ ከሆኑ ጥቁሩ አፈር በመሀላቸው ይሞላና ጎማው ድፍን ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ሸክላ ላይ የምትሄድ የሸክላ ኳስ ናት። አስፋልት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ጥርሳሙ ጎማ መሬቱን የሚነካው በጥቂት ቦታ ብቻ ስለሆነ ዝናብ በመታው አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ ርቆ ይቆማል፣ መታጠፊያ ላይ ይንገዳገዳል፣ ቶሎም ያልቃል። ከባድ ሞተር ላይ የኋላው 10 ሺህ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ መላጨቱ ያለ ነው።

ስለዚህ ከደሴ ኮምቦልቻ ከአስፋልት ሳይወርድ የሚመላለስ ሰው ጥርሳም ጎማ ምን ያደርግለታል? ለዓይን ያምራል፣ አለቀ። ከአስፋልት የሚወጣው ሰው ግን መምረጥ ግድ ይለዋል፤ እዚህ ላይ ነው ብዙው ሰው ገንዘቡን በተሳሳተ ቦታ የሚያፈሰው። ሞተሩን የሚገፋው የኋላው ነው ብሎ ትልቁን ጥርስ ኋላ ያስራል፣ ፊቱን በላጨ ጎማ ይተወዋል።

ኳስ የሚያይ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። የኋላ ጎማ ሲንሸራተት አማካይ ኳስ እንደተነጠቀ ነው፤ ያስደነግጣል፣ ነዳጁን ለቀቅ አድርጎ ማዳን ይቻላል፣ ከኋላ ተከላካይ አለ። የፊት ጎማ ሲንሸራተት ግን በረኛው ኳሷን ከእጁ ለቀቃት ማለት ነው። ከእሱ ኋላ መረብ ብቻ ነው ያለው። መሪው በአንድ አፍታ ይታጠፍና ሰውየው መሬት ላይ ነው። ሐረጎ ላይ ደግሞ ይብሳል። ደሴና ኮምቦልቻ መሀል በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ 600 ሜትር ያህል ከፍታ ይወረዳል፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይመጣል፣ አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራውም የፊቱ ነው። አስፋልትና ፒስታ ለሚደባልቅ ሰው የሚሻለው ቡድን እንግዲህ ይሄ ነው፦ ፊት ላይ ጥርሱ ትልቅና አዲስ፣ ኋላ ላይ መካከለኛና የማያልቅ። ብዙ አገር ያቆራረጡ ሞተረኞችም በዚህ ይስማማሉ። ብሩ ለአንድ ጎማ ብቻ ከበቃ ለፊቱ ይሁን።

ምርጫው ግን በምኞት ብቻ አይደለም፣ ቸርኬው ይወስነዋል። በየወረዳው የልማት ሠራተኛው ሲጋልበው የኖረው ያማሃ ዲቲ 125 ፊቱ 21 ኋላው 18 ኢንች ነው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ቸርኬ በዓለም ገበያ ጥርሳም ጎማ ሞልቷል። ባጃጅ ኩባንያ የሚሠራው ቦክሰር 17 ኢንች ነው፣ ምርጫው ጠበብ ይላል። ኢዋን ማክግሪጎርና ቻርሊ ቡርማን እ.ኤ.አ በ2007 ከስኮትላንድ ደቡብ አፍሪካ ሲወርዱ ኢትዮጵያን ያቋረጡበት ቢኤምደብሊው አር 1200 ጂኤስ ፊቱ 19 ኋላው 17 ነው። የዚህ ዓይነት ሞተር ይዞ ወሎ ላይ ጎማው የተቀደደበት ሰው ጎሚስታ በቀላሉ ያገኛል፤ የልኩን ጎማ ማግኘት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የሩቅ ተጓዦች ትርፍ ጎማ ከሻንጣው ላይ አስረው የሚዞሩት ለጉራ አይደለም።

ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ማንበብም ከጥርሱ እኩል ነው። ከመጠኑ ቀጥሎ ለምሳሌ 50ፒ የሚል ቢኖር፣ 50 ጎማው 190 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፣ ፊደሉ ደግሞ በሰዓት እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይችላል የሚል ነው። ፍጥነቱ ይቅር፤ ሁለት ሰውና አንድ ጆንያ እህል ለሚጭን ሞተር ዋናው የመጀመሪያው ቁጥር ነው። ከዚያ አራት አሃዝ ብቻዋን ትገኛለች። 2318 ካለች ጎማው የተሠራው እ.ኤ.አ በ2018፣ በ23ኛው ሳምንት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 2010 ማለቂያ ላይ። 18 የምትለዋን አይቶ «የ2018 ነው» ብሎ በኢትዮጵያ ዘመን የሚያስብ ገዢ ሰባት ስምንት ዓመት ይሸወዳል። ጎማ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ያረጃል፤ ላስቲኩ ይደርቃል፣ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ሳለ እርጥብ አስፋልት ላይ አይዝም።

ንፋስን በተመለከተ፣ ጭቃና ልል አፈር ላይ ከአስፋልቱ መጠን አምስት ስድስት ፒኤስአይ መቀነስ ጎማው መሬቱን ሰፋ አድርጎ እንዲይዝ ያደርገዋል። ከዚያ በላይ ያወረደ ግን ድንጋይ ሲመታ የውስጡ ጎማ በቸርኬውና በድንጋዩ መሀል ተቆንጥጦ ይበሳበታል፤ ግሸን አቅጣጫ ድንጋዩ የትየለሌ ነው። አስፋልት ላይ ሲመለሱ ደግሞ መልሶ መሙላት አለ። ትንሽ የእጅ ፖምፕ የሌለው ሞተረኛ ይህን ሁሉ ባያስበው ይሻለዋል፣ በአስፋልቱ መጠን ቀስ ብሎ ይንዳ።

አንድ ነገር ቀረ። አዲስ ጎማ ከፋብሪካ ሲወጣ ፊቱ ልሙጥ ነው፤ ሻከር እስኪል የመጀመሪያዎቹ 100 እና 150 ኪሎ ሜትሮች ያንሸራትታሉ። ሰኞ ገበያ ላይ ጎማ አሳስሮ፣ ከኋላ ሰው አስቀምጦ፣ በዚያው ሰዓት በካፊያ ሐረጎን ለመውረድ መቸኮል የለም። ሐይቅ ደርሶ መመለስ ብቻውን 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በደረቅ ቀን፣ ብቻን ሆኖ፣ ቀስ እያሉ ሁለቴ መመላለስ ይበቃል።