አውሮፕላን በጠረጴዛ ላይ ጦርነት፤ የጋላባት ውጊያ ለጨዋታ ሕግ አውጪዎች የተወው ጥያቄ

ከኒው ሀልፋ ተነሥቶ በገዳሪፍ በኩል ወደ ኢትዮጵያ የሚወርደው መንገድ የሚያበቃው ጋላባት ላይ ነው። ከድንበሩ ማዶ መተማ ትታያለች። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1881 ዓ.ም. የወደቁባት ይህች ምድር፣ ከ50 ዓመታት በላይ ካለፉ በኋላ ደግሞ የአየር ጥቃት አንድን የእግረኛ ድል እንዴት እንደሚቀለብስ አሳይታለች።

ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ማለዳ፣ በብርጋዴር ዊልያም ስሊም የሚመራው 10ኛው የሕንድ ብርጌድ ጣልያኖች ከአራት ወራት በፊት የያዙትን የጋላባት ምሽግ አጥቅቶ በሰዓታት ውስጥ ተቆጣጠረ። ዕቅዱ ወደ መተማ መቀጠል ነበር። ሆኖም ከታንኮቹ አብዛኞቹ በፈንጂና በድንጋያማው መሬት ተሰናከሉ። በሰማይ ላይም የብሪታኒያና የደቡብ አፍሪካ ግላዲያተር አውሮፕላኖች በአንድነት ሳይሆን በጥቂት በጥቂቱ ስለመጡ፣ የጣልያን ተዋጊዎች በርካታዎቹን መትተው ጣሉ። ቦምብ ጣዮቹ ከልካይ አልነበራቸውም። መሬቱ ዐለት በመሆኑ ጉድጓድ ቆፍሮ መከለል አልተቻለም፤ የሚፈነጣጠረው ድንጋይ የቦምቡን ጉዳት አባባሰው። የታንክ መለዋወጫ የጫነ መኪናም ጋየ። ከእንግሊዛውያኑ ወታደሮች የተወሰኑት ተደናግጠው ወደ ኋላ ሸሹ። በማግሥቱ ብርጌዱ የያዘውን ምሽግ ለቀቀ።

እንዲህ ያሉ ውጊያዎችን በትናንሽ የወታደርና የታንክ ቅርጾች ጠረጴዛ ላይ የሚደግሙ ሰዎች በብዙ አገሮች አሉ። ደራሲው ኤች ጂ ዌልስ እአአ በ1913 የመጫወቻ ሕጎቹን በመጽሐፍ ካሳተመ ወዲህ ጨዋታው ተስፋፍቷል። በታተሙት ሕጎች ካልረኩም ተጫዋቾቹ በመካከላቸው የሚስማሙበትን ያክላሉ፤ ይህም የቤት ሕግ ይባላል። ከሁሉም በላይ የሚያከራክራቸው አውሮፕላን ነው።

ችግሩ ከስፋት ይጀምራል። አንድ ሜትር የጠረጴዛ ርዝመት አንድ ኪሎ ሜትርን ከወከለ፣ ሁለት ሜትር ጠረጴዛ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው። በሰዓት 360 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን ይህንን በ20 ሰከንድ ይጨርሰዋል፤ እግረኛው ግን ገና ከመቀመጫው አልተነሣም። ስለዚህ አውሮፕላኑን እንደ ታንክ እየገፉ ማንቀሳቀስ ትርጉም የለውም። የተለመደው መፍትሔ አውሮፕላኑ በአንድ ተራ ገብቶ፣ ጥሎ፣ እንዲወጣ ማድረግ ነው። መምጣቱ፣ ዒላማውን ማግኘቱና የራሱን ወገን በስሕተት አለመምታቱ በዳይስ ይወሰናል። ፀረ አውሮፕላን ተኩስም ከመጣሉ በፊት ይሰላል።

አብዛኞቹ የቤት ሕጎች የሚስቱት ግን ሌላ ነገር ይመስላል። የሚቆጥሩት ሬሳና የተቃጠለ ታንክ ብቻ ነው። ጋላባት ላይ ውጊያውን የወሰነው ግን የሟቹ ብዛት ብቻ አልነበረም፤ መከለያ ማጣት፣ የአንድ መኪና መቃጠልና ድንጋጤ አብረው ሠርተዋል። በዐለት ላይ የቆመ ጦር በለስላሳ አፈር ከተቆፈረው እኩል ዳይስ ከጣለ ጨዋታው ጋላባትን አይመስልም። የተሻለው ሕግ ከቦምቡ በኋላ እያንዳንዱን ክፍል ለሞራል ፈተና የሚያቀርብ ነው፤ ተዋጊዎቹን በአንድነት ለማስነሣት ወይም ለመበተን የመወሰን ኃላፊነትንም ለተጫዋቹ ይተዋል።

ድሮን ደግሞ ይህንን ሁሉ ያፋልሳል። በ20 ሰከንድ አያልፍም፤ ለሰዓታት ያንዣብባል። በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ ከኒው ሀልፋ በስተ ምሥራቅ የምትገኘው የከሰላ አየር ማረፊያ በድሮን ተመታ፤ ወዲያውም ፖርት ሱዳን ተከተለች። ኒው ሀልፋ በአስዋን ግድብ ምክንያት ለተነሡ ኑቢያውያን በ1960ዎቹ እአአ የተሠራች ከተማ ናት፤ በዚያው 2017 መጀመሪያ ላይ ከምሥራቅ ጀዚራ የሸሹ ሰዎችን ተቀብላለች። ለእነርሱ ሰማዩ በተራ የሚከፈትና የሚዘጋ አይደለም፤ ስለ ድሮን ሕግ የሚጽፉ ተጫዋቾችም መጀመሪያ የሚሰርዙት ይህንኑ የተራ ገደብ ነው።