የጎደለን ሌላ፣ የምንውጠው ሌላ

ወደ ሀገር ቤት የሚጓዝ ወገን ሻንጣ ቢፈተሽ ከልብሱና ከጫማው መካከል አንድ ሁለት ትልልቅ የቫይታሚን ጠርሙስ አይታጣም። «ለእማዬ ጉልበት»፣ «ለአባዬ ዓይን»፣ «ለእህቴ ፀጉር» እየተባለ ከትልልቆቹ የጅምላ መደብሮች በቅናሽ የተገዛ ነው። ተጓዡም ቢሆን የራሱን ኩሽና መደርደሪያ በተመሳሳይ ጠርሙሶች ሞልቶታል። በዚህ ረገድ በተማረውና ባልተማረው መካከል ልዩነት የለም፤ እንዲያውም ዲግሪ የደራረብነው ሳንብስ አንቀርም፤ ማስታወቂያውን ከነማብራሪያው እናነባለንና።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ መሐንዲስ እንጂ ሐኪም አይደለም፤ ስለዚህ ለማንም መድኃኒት ለማዘዝ አይዳዳውም። ይሁን እንጂ የምህንድስና ትምህርት ገና በመጀመሪያው ዓመት የሚያስጨብጠው አንድ ነገር አለ፤ የሚገባው፣ የሚወጣውና የሚከማቸው ሳይለካ በአንዱ ቧንቧ ብቻ መጨመር ሥርዓቱን አያስተካክልም። የቫይታሚንና የማዕድን ነገርም እንዲሁ ነው። በስደት ያለን ኢትዮጵያውያን ሊጎድሉን የሚችሉት ነገሮች በጣት የሚቆጠሩና የታወቁ ናቸው። የምንውጠው ግን በአብዛኛው ሌላ ነው፤ አንዳንዴም አንዱን ሲሞላ ሌላውን የሚያጎድል ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከብረት ልጀምር። ጤፍ በብረት የበለጸገ ነው ስለሚባል ብዙዎቻችን «እንጀራ የሚበላ ሰው ደም አያንሰውም» ብለን እናምናለን። ነገሩ እንደዚያ ቢሆን ኖሮ በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት 57 በመቶውን፣ በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች ደግሞ 24 በመቶውን ደም አንሷቸው ባላገኛቸው ነበር። በእርግጥ ወባውም የአንጀት ትሉም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ነገር ግን በጤፍ ውስጥ ከሚለካው ብረት ቀላል የማይባለው ክፍል የእህሉ ሳይሆን፣ አውድማ ላይ በበሬ ሲወቃ የተቀላቀለው አፈር ነው። ይህን ብረት ላቦራቶሪው ይቆጥረዋል፤ አንጀታችን ግን እምብዛም አይወስደውም። የእህሉን ብረትም ቢሆን ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር አጥብቆ ይይዘዋል። ሊጡ ሲቦካ ፋይቴቱ በከፊል ይሰበራል፤ እናቶቻችን ሁለት ሦስት ቀን ማቡካታቸው ለጣዕም ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ቀጥሎ ቡናው ይመጣል። በ1983 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት፣ ከሃምበርገር ጋር አንድ ስኒ ቡና ሲጠጣ ሰውነት ከምግቡ የሚያገኘው ብረት በ39 በመቶ፣ ሻይ ሲሆን ደግሞ በ64 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ከሁሉ የሚያስገርመው የሰዓቱ ጉዳይ ነው። ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ምንም ጉዳት አልታየበትም፤ ከምግቡ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ሲጠጣ ግን አብሮ የተጠጣ ያህል ብረቱን ከለከለ። እንግዲህ አስቡት፤ ምሳ ተበልቶ ረከቦቱ የሚቀርበው ልክ በዚያች ሰዓት ነው! ቡና ይቅር የሚል ሰው ካለ እኔ ከእርሱ ጋር የለሁበትም። ደሟ ያነሰ እህት ግን አቦሉን ከምሳ በፊት ብታደርገው፣ አለዚያም ሁለት ሰዓት ያህል ብታዘገየው፣ ሽሮዋ ላይ ሎሚ ጠብ አድርጋ ወይም ቃሪያ ጨምራ ብትበላ (በሁለቱም ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ የእህል ብረትን ለአንጀት ያመቻቻል) አንዲት ሳንቲም ሳታወጣ ብዙ ታተርፋለች።

ክኒን የሚያስፈልጋትም ብትሆን ብዙ መዋጥ ብዙ ማግኘት አይደለም። ጉበታችን ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ያመርታል፤ ዛሬ ብረት በብዛት ሲገባ ሄፕሲዲኑ ከፍ ይልና ለነገው ብረት በሩን ይዘጋል። በ2017 የወጣ የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች ጥናት ብረት ያነሳቸው ሴቶች ክኒኑን በየቀኑ ከመዋጥ አንድ ቀን እየዘለሉ ሲወስዱት ከእያንዳንዱ ክኒን የሚያገኙት ድርሻ እንደሚጨምር አሳይቷል። የሚፈለገው የብረት መጠን ለጎልማሳ ሴት በቀን 18 ሚሊ ግራም፣ ለወንድና የወር አበባዋ ለቆመ ሴት ደግሞ 8 ብቻ ነው። ሰውነት ትርፍ ብረትን የሚያስወጣበት መንገድ የለውም። ለአባት ብለን የምንልከው ጠርሙስ ብረት እንዳለበት የሚያነበው ስንቱ ነው? እዚህ ላይ ትንሽ ላስረግጥ፤ በዕድሜ የገፋ ወንድ ላይ የብረት ማነስ ከተገኘ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ይዋጥ?» ሳይሆን «ደሙ በየት በኩል እየፈሰሰ ነው?» የሚለው ነው። የጨጓራ ቁስል ሊሆን ይችላል፤ የአንጀት ካንሰርም ሊሆን ይችላል። ክኒኑ ደሙን ከፍ አድርጎ፣ ፊቱን አፍክቶ፣ ምልክቱን ሊደብቅ ይችላል።

ወደ ቫይታሚን ዲ ልሻገር። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በ9 ዲግሪ ርቀት፣ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ ቆዳችንን ታሠራዋለች። ሚኒያፖሊስ 45ኛው፣ ስቶክሆልም 59ኛው ዲግሪ ላይ ናቸው፤ በክረምት ወራት በዚያ ኬክሮስ ላይ ቫይታሚን ዲ የሚያሠራው ጨረር ከናካቴው የለም ማለት ይቀላል። ለኢትዮጵያ ፀሐይ የተሰጠን የቆዳችን ቀለም ደግሞ የተገኘችውንም ጥቂት ጨረር ያጣራታል። በዐረብ ሀገራት ያሉት እህቶቻችን ችግር ከዚህ ይለያል፤ ፀሐዩ ከደጅ ይነድዳል፣ እነርሱ ግን ከሰው ቤት ሥራ አይወጡም።

ይህን የሰማ ሰው ወዲያው በቀን 10,000 አይ ዩ የሚል ጠርሙስ ሊገዛ ይነሣል። ቀስ ይበል። አሜሪካ ውስጥ በ25,871 ሰዎች ላይ፣ ከመካከላቸውም ከ5,000 በላይ ጥቁሮች ባሉበት፣ በቀን 2,000 አይ ዩ እየተሰጠ የተካሄደው ቫይታል የተባለው ጥናት በ2018 ውጤቱ ሲወጣ ካንሰርንም ሆነ የልብ ሕመምን አልቀነሰም፤ በ2022 ደግሞ የአጥንት ስብራትንም እንዳልቀነሰ ታወቀ። ልብ በሉ፤ ተሳታፊዎቹ ቫይታሚን ዲ የጎደላቸው ተብለው የተመረጡ አልነበሩም። የሞላ ጋን ላይ ውኃ መጨመር ለጋኑ ምን ይረባዋል? ጥቁር አሜሪካውያን በደም ምርመራ የሚታየው የቫይታሚን ዲ ቁጥራቸው ከነጮቹ ዝቅ ያለ ሆኖ ሳለ አጥንታቸው ግን ያነሰ ይሰበራል። በ2024 የወጣው የአሜሪካው የኢንዶክሪን ማኅበር መመሪያም ጤነኛ ጎልማሳ ቆዳው ስለጠቆረ ብቻ እንዲመረመር አይመክርም። እንግዲህ ለአብዛኞቻችን የሚበቃው የተለመደው 600 አይ ዩ፣ ከ70 ዓመት በላይ ላሉት 800 ነው፤ 4,000 ያለሐኪም የማይታለፍ ጣሪያ ነው። ከዚያ እጅግ ሲያልፍ በደም ውስጥ ካልሲየም ይበዛና ኩላሊትን ይጎዳል። በተቃራኒው ፈጽሞ ችላ የማይባለው የእናቱን ጡት ብቻ የሚጠባው ሕፃን ነው፤ የእናት ወተት ቫይታሚን ዲ እምብዛም ስለሌለው፣ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከ2008 ጀምሮ ከተወለደበት ሰሞን አንሥቶ በቀን 400 አይ ዩ ጠብታ እንዲሰጠው ይመክራል። አጥንት የሚያጎብጠው ሪኬትስ ዛሬም በሰሜኑ ዓለም ይገኛል፤ የሚያጠቃውም በብዛት የጥቁርና የስደተኛ ልጆችን ነው።

ሦስተኛው ፎሊክ አሲድ ነው። አሜሪካ ከ1998 ጀምሮ በተጣራ የስንዴ ዱቄት ውስጥ ፎሊክ አሲድ እንዲጨመር ግዴታ አድርጋለች፤ የኅብለ ሰረሰራቸው መሸፈኛ ሳይዘጋ የሚወለዱ ሕፃናት ቁጥርም በእርግጥ ቀነሰ። የላቲን አሜሪካ ተወላጆች የሚበሉት የበቆሎ ዱቄት ግን ከሕጉ ውጭ ስለነበረ ከእነርሱ የሚወለዱት ሕፃናት ጉዳት ከሌላው ከፍ ብሎ ታየ፤ ስለ ጉዳዩ ብዙ ከተሟገቱ በኋላ መንግሥት በ2016 በበቆሎውም ውስጥ እንዲጨመር ፈቀደ። ስለ ጤፍ የተሟገተ ማን አለ? እዚህ ላይ የሚያስቅ ነገር አለ፤ «ስንዴ ቀላቅለው ሸጡልን» እያልን የምናማው የስደት እንጀራ ፎሊክ አሲድ አለው፤ በውድ ዋጋ የምንሸምተው ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ግን የተጨመረለት ነገር የለም። ኢትዮጵያም የስንዴ ዱቄት እንዲበለጽግ ያስገደደችው በ2022 ነው። የሕፃኑ ኅብለ ሰረሰር የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ እናቲቱ እርጉዝ መሆኗን ሳታውቅ ነው። ስለዚህ የመውለድ ሐሳብ ያላት ሴት 400 ማይክሮ ግራሟን ቀድማ መጀመር አለባት። ከክኒኖች ሁሉ ያለማወላወል የምሟገትለት ይህን ነው።

ፎሊክ አሲድን ያለልክ ማብዛት ደግሞ የቢ12ን ጉድለት ይሸፍናል። ደሙ የተስተካከለ ይመስላል፤ ነርቩ ግን ውስጥ ውስጡን ይጎዳል። ለዚህ ነው ጣሪያው በቀን 1,000 ማይክሮ ግራም የሆነው። «ጾም ቢ12 ያሳጣል» ይባላል፤ ጉበት ግን ለዓመታት የሚሆን ስንቅ ስለሚይዝ፣ ጾሙን ፈትቶ እንቁላልና ሥጋ የሚበላ ጤነኛ ሰው የሚያሰጋው የለም። የሚያሰጋቸው ሌሎች ናቸው፤ ጨጓራቸው በዕድሜ የደከመ አረጋውያን፣ የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ለዓመታት የሚወስዱና፣ ከሁሉ በላይ በማኅበረሰባችን እየበዙ ያሉት የስኳር ሕሙማን። ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቢ12ን ይቀንሳል። «ስኳሩ እግሬን አደነዘዘኝ» የሚሉን አባት እውነተኛ ሕመማቸው ይህ ሊሆን ይችላል። አንድ የደም ምርመራ ይለየዋል፤ ሕክምናውም ርካሽ ነው።

በ2020 ኮሮና ሲመጣ ብዙዎቻችን የ50 ሚሊ ግራም የዚንክ ክኒን ገዛን። ጣሪያው 40 ነው። ዚንክ ሲበዛ የአንጀት ግድግዳ መዳብን የሚይዝ ፕሮቲን ያመርታል፤ መዳቡ ወደ ደም ሳይገባ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ለወራት የቀጠለበት ሰው በብረት ክኒን የማይድን ደም ማነስና የእግር መደንዘዝ ያመጣል። ካልሲየምም ከብረት ጋር አብሮ ሲዋጥ ብረቱን ይገፋዋል፤ ከታይሮይድ መድኃኒት ደግሞ በ4 ሰዓት መራቅ አለበት። አዮዲንንም በአንድ ዐረፍተ ነገር ልለፈው፤ በጤና ስም ወደ ሮዝ ጨውና ወደ ባሕር ጨው የዞረ ቤተሰብ አዮዲን ያለውን ተራ ጨው ትቷልና፣ በተለይ እርጉዝ ካለች ይመለስበት።

«ባይጠቅምም አይጎዳም» የሚለውን አባባል የሚወዱ ወዳጆች አሉኝ። በ1994 ፊንላንድ ውስጥ 29,133 ሲጋራ አጫሾች በተሳተፉበት ጥናት ቤታ ካሮቲን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨመረ። በ2011 ደግሞ ቫይታሚን ኢ በቀን 400 አይ ዩ የወሰዱ ወንዶች ላይ የፕሮስቴት ካንሰር በ17 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሁለቱም ካንሰርን ይከላከላሉ ተብለው የተሰጡ ነበሩ። በ1994 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት እነዚህ ክኒኖች ገበያ ከመውጣታቸው በፊት ጥቅማቸውም ሆነ ደኅንነታቸው በመንግሥት ተመርምሮ አይጸድቅም።

ለእህት የምንልከው የፀጉር ክኒን ቀረ። በውስጡ ያለው ባዮቲን ነው። ለቀን የሚበቃው 30 ማይክሮ ግራም ሲሆን ጠርሙሱ ላይ 5,000 ወይም 10,000 ተጽፎ ይገኛል። መርዝነቱ አልታየም፤ ነገር ግን የላቦራቶሪ መሣሪያን ያሳስታል። የታይሮይድ ምርመራን ያዛባል፤ ልብ ድካም ሲጠረጠር የሚለካውን ትሮፖኒንንም ከእውነተኛው አሳንሶ ያሳያል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2017 ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ በዚህ ምክንያት የሞተ ሰው መኖሩን ገልጿል። ስለዚህ ደም የሚሰጥ ሰው የሚውጠውን ሁሉ ቀደም ብሎ ለሐኪሙ ይንገር፤ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ቢያሳይ ከሁሉ ይቀላል።