ያልደረቀ ወለል የጌዴኦን ቡና ዋጋ ይበላል

ከወናጎ፣ ከይርጋጨፌ፣ ከኮቸሬና ከገደብ ተነስቶ በዲላ በኩል የሚያልፈው የታጠበ ቡና ዋጋ የሚያወጣው የአበባና የሎሚ ጠረን በሚመስለው ቃናው ነው። ይህ ቃና ግን ለባዕድ ሽታ በቀላሉ ይሸነፋል። የደረቀ የቡና ፍሬ በአካባቢው ያለውን ሁሉ ይስባል፤ ናፍጣም ይሁን ሳሙና፣ ቅመምም ይሁን ትኩስ ቀለም። ኩንታሉ የሚያርፍበት የመኪና ካሶኒና የመጋዘን ርብራብ ወለል ከዋጋው ጋር የሚገናኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ለነገሩ ነጋዴው ትምህርቱን በውድ ገዝቶታል። በ2000 ዓ.ም. ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ የፀረ ተባይ ኬሚካል ቅሪት አግኝታ ቁጥጥሯን ስታጠብቅ ወደዚያ የሚላከው መጠን ክፉኛ አሽቆለቆለ። ጥርጣሬው በዋናነት ያረፈው ቡናው በተሞላበት ጆንያ ላይ ነበር። ገበሬው በማሳው ላይ የደከመበትን ማሸጊያው አበላሸበት ማለት ነው።

ወለልን በኮምፔንሳቶ ማልበስ ቀላልና ለጥገናም የሚመች ነው። ኮምፔንሳቶ ግን በሙጫ የተጣበቁ ስስ የእንጨት ልጦች ድርድር ስለሆነ ጠላቱ ውሃ ነው። ውሃው የሚገባው ብዙዎች ቀለም በሚደርቡበት በላይኛው ገጽ ሳይሆን በተቆረጠው ጠርዝና በብሎን ቀዳዳዎች በኩል ነው። የተቆረጠ ጠርዝ እንደ ስፖንጅ ይጠጣል። በውሃ ላይ የሚውሉት ጀልባ ሠሪዎች ይህን አሳምረው ስለሚያውቁ ጣውላውን ከመግጠማቸው በፊት ስድስቱንም ገጽ ያሽጋሉ፤ ጠርዙን ደግሞ ሁለትና ሦስት ጊዜ ይደጋግሙታል። የመጀመሪያው እጅ ወደ እንጨቱ እንዲሰርግ ቀጠን ተደርጎ ይቀባል። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ለስለስ አድርጎ ማሸትና ወፈር ያለውን መደረብ ይከተላል። የብሎኑ ቀዳዳም ውስጡ ሳይቀር መታሸግ አለበት። ወለሉ እንዳያንሸራትት በመጨረሻው ቀለም ላይ ደቃቅ አሸዋ የመነስነስ ልማድም አላቸው፤ ይህ ለተሸካሚው ደግ ቢሆንም ጆንያ ለሚጎተትበት ወለል አይመከርም።

የዲላ ችግር ከሙያው ይልቅ ጊዜው ላይ ነው። አካባቢው በዓመት ሁለት ጊዜ ጠንከር ያለ ዝናብ ያገኛል፤ አንዱ በበልግ፣ ሌላው የቡናው ለቀማ ሊጀምር ሲል። ባለመኪናው ወለሉን የሚያስታውሰው ብዙውን ጊዜ ጭነት ሲጠራው ነው። እንጨቱ እርጥብ እያለ ይቀባል፤ ውሃው ከቀለሙ በታች ይታሰራል፤ ቀለሙ ይነፋል፣ ልጡም ይላቀቃል። የዘይት ቀለም ሲነኩት የማይጣበቅ መሆኑም የዋሁን ያታልለዋል። በሰዓታት ውስጥ የደረቀ የሚመስለው ቀለም ውስጥ ውስጡን ጠንክሮ ሽታው እስኪለቅ ሳምንትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ በቀዝቃዛና እርጥብ አየር ደግሞ ይበልጥ ይዘገያል። በአኳራጅ የቀጠነ ቀለም በተቀባ በሦስተኛው ቀን ሸራ ለብሶ የሚጓዝ ጭነት ሽታውን እየማገ ያድራል።

እርጥበቱም የራሱ ዕዳ አለው። ዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት ያወጣው የጥራት መመሪያ ለጥሬ ቡና የሚፈቅደው እርጥበት ከ8 እስከ 12.5 በመቶ ነው። ከታች ወለል ያረጠበው ጆንያ ከዚህ መስመር ሲያልፍ ሻጋታ ይከተላል።

ሻጋታው ከአንዳንድ የእንጨት መድኃኒቶች ጋር ሲገናኝ ነገሩ ይብሳል። ክሎሮፌኖል የሚባሉትን መከላከያዎች ሻጋታ ወደ ክሎሮአኒሶል ይለውጣቸዋል፤ ይህ እጅግ ጥቂት ሆኖ እንኳ የምድር ቤት ሽታ ይሰጣል። የብራዚል ቀማሾች «ሪዮ» የሚሉት መጥፎ ጣዕም ከዚሁ ወገን ካለ ውህድ ጋር ይያያዛል። ስለሆነም ምንነቱ የማይታወቅ የእንጨት መድኃኒት የተቀባ ጣውላ በርካሽ ቢገኝም ለቡና ወለል መግዛት አያዋጣም።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2001 ዓ.ም. ቡና ማገበያየት ሲጀምር ዲላ ከመረከቢያ ማዕከላቱ አንዷ ነበረች። ደረጃ ሲወጣ ቀማሹ ባዕድ ጣዕም ካገኘ ቡናው ይወርዳል። ለምሳሌ ያህል 50 ኩንታል የጫነ አይሱዙ በኩንታል 1,000 ብር ብቻ ቢቀነስበት ኪሳራው 50,000 ብር ነው።

አቅራቢው መኪና ከመከራየቱ በፊት ሊያደርገው የሚችለው ቀላል ፍተሻ አለ። ጥቂት ጥሬ ቡና በንጹህ ጨርቅ ቋጥሮ ወለሉ ላይ ማኖር፣ በሸራ ሸፍኖ ማሳደር፣ ጠዋት ቆልቶ አፍልቶ ከሌላ ቦታ ካደረው ጋር አስተያይቶ መቅመስ። ልዩነት ካለ መኪናው ሲሚንቶ ይጫን።