የአሮጌው ካሜራ ወናፍ

በመተማ ቆላ የበጋው ሐሩር እንጨት ይሰነጥቃል፤ የክረምቱ እርጥበት ሙጫ ያላቅቃል። በዚህ አየር የሚከርም አሮጌ ትልቅ ካሜራ ቢኖር፣ አስቀድሞ የሚጎዳው እንደ ቀጥቃጭ ወናፍ የሚታጠፈው ቆዳው ነው።

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከወደቁ በኋላ በነገሡት በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት፣ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ፎቶግራፍ አንሺ ነበሩ። የዚያ ዘመን ስቱዲዮ የሚሠራው በእንዲህ ያለ መሣሪያ ነበር። ዛሬ ለእያንዳንዱ አሮጌ ካሜራ መለዋወጫ የሚልክ ፋብሪካ የለም፤ ቢሆንም ተስፋ አንቆርጥም።

ወናፉ ጥቁር ድርብ ጨርቅና በመካከሉ የተጣበቁ የካርቶን ቁራጮች ነው፤ ጥጥ በሚበቅልበት ቆላ ጨርቅ አይታጣም። ተሠርቶ ሲያልቅ በጨለማ ክፍል ከውስጡ አምፖል ይብራ፤ ብርሃን የሚሾልክበት ቀዳዳም ይደፈን። ምስሉ የሚታይበት መስተዋት ቢሰበር፣ ተራ የመስኮት መስተዋት በደቃቅ የመሳያ ዱቄትና በውሃ ይፈተግ። የተፈተገው ገጽ ወደ ሌንሱ ይዙር፤ ቦታውም ከፊልሙ ቦታ ጋር ልክ ለልክ ይሁን፤ አለዚያ ፎቶግራፉ ይደበዝዛል። መዝጊያው ቢበላሽ፣ ፊልሙ ዝግተኛ ከሆነ የሌንሱን ክዳን በእጅ ከፍቶ ሰከንድ መቁጠር ይበቃል።

እንግዲህ የአያቶቻችንን መልክ ያቆየልንን መሣሪያ ከመጣላችን በፊት፣ ለአናጺና ለልብስ ሰፊ እናሳየው።