ማየት ሌላ፣ ማንበብ ሌላ

ነርስነት፣ የላቦራቶሪ ሙያ ወይም ሕክምና የሚማር ወገን ያላችሁ አንባቢያን አንድ ሮሮ ሳትሰሙ አልቀራችሁም፤ «በማይክሮስኮፑ የሚታየኝ ሮዝና ወይን ጠጅ ቀለም ብቻ ነው!» የሚል። ሂስቶሎጂ፣ ማለትም የኅብረ ሕዋሳት ጥናት፣ ጎበዝ ተማሪን ሳይቀር ግራ ያጋባል። ችግሩ ግን ከዓይን አይደለም፤ ማየትን እንደ ንባብ አለመማር ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ በመስታወቱ ላይ ያለው ምንድን ነው ከሚለው እንነሳ። ከአካል የተወሰደው ቁራጭ እንዳይበሰብስ በፎርማሊን ይነከራል፤ ሰም ይገባበታል፤ ከዚያም 4 ወይም 5 ማይክሮን ያህል እየሳሳ ይቆረጣል። አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ቀለሙም ከአካሉ የመጣ አይደለም። ሄማቶክሲሊን የተባለው፣ ከመካከለኛው አሜሪካ ዛፍ የሚገኘው ቀለም፣ ኒውክለሱን ወይን ጠጅ ያደርገዋል፤ ኢዮሲን ደግሞ የቀረውን አብዛኛውን ሮዝ ያለብሰዋል።

እንግዲህ ተማሪው የሚያየው የአካሉን ስስ ቁራጭ ነው። ማካሮኒ አግድም ሲቆረጥ ቀለበት፣ በቁመቱ ሲሰነጠቅ ሁለት መስመር ይመስላል፤ የደም ሥርም እንዲሁ ነው። የዶሮ ወጥ እንቁላል ጫፉ ላይ ቢቆረጥ አስኳል አይታይበትም፤ ኒውክለስ ያልታየበት ሕዋስም የግድ ኒውክለስ የለውም ማለት አይደለም። የስብ ሕዋስ ባዶ መስሎ የሚታየውም ስቡ በዝግጅቱ ወቅት በኬሚካል ታጥቦ ስለሚወጣ ነው።

ስለዚህ ጥሩ መምህር «ይህ ጉበት ነው፣ ሸምድዱ» አይልም። በመጀመሪያ በአነስተኛ ማጉያ ጠርዙን፣ ባዶ ቦታውንና ንብርብሩን ያስፈልጋቸዋል። ቀጥሎ ወደ ከፍተኛው ማጉያ ያልፋል፤ 7 ወይም 8 ማይክሮን ስፋት ያለው ቀይ የደም ሕዋስም እንደ ማስመሪያ ያገለግላል። ከዚያ ሸፋኝ፣ አያያዥ፣ ጡንቻ ወይስ ነርቭ ብለው ይለያሉ። የአካሉ ስም የሚነሳው በመጨረሻ ነው፤ እሱም «በምን አወቃችሁ?» ከሚል ጥያቄ ጋር።

ይህ ጥያቄ ከፈተና ማርክ በላይ ነው። የምግብ ቧንቧ ውስጠኛ ገጽ በብዙ ንብርብር ጠፍጣፋ ሕዋሳት የተሸፈነ ነው። የጨጓራ አሲድ ለዓመታት ሽቅብ ሲመላለስበት ግን አንጀት ውስጥ የሚገኙት ዋንጫ መሰል፣ ንፍጥ አመንጪ ሕዋሳት ሊበቅሉበት ይችላሉ። ባሬት ይባላል፤ ለካንሰር የመጋለጥን ዕድል ይጨምራል። ሥዕል የሸመደደ ተማሪ «አንጀት ነው» ብሎ ያልፈዋል። ማንበብ የተማረው ግን «ይህ ሕዋስ እዚህ ምን አመጣው?» ይላል። በሽተኛው ክትትል የሚያገኘው በዚህ ጥያቄ ነው።

ዛሬ ብዙ ትምህርት ቤቶች ስላይዱን በኮምፒውተር ያሳያሉ። ይሁንና ፈረንሳዊው ሐኪም ቢሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1802 ከመሞቱ በፊት፣ ያለ ማይክሮስኮፕ 21 ዓይነት ኅብረ ሕዋሳትን ለይቶ ነበር። መሣሪያው ያግዛል እንጂ አያስተውልም።

ለተማሪዎቻችን ምክራችን ይህ ነው፦ ያያችሁትን አስቀድማችሁ በአማርኛ ተናገሩት፤ ረጅም ነው፣ ጠፍጣፋ ነው፣ ተነባብሯል በሉ። የላቲኑ ስም ቀስ ብሎ ይደርሳል።