ኢንተርኔት ቢቋረጥም ስም የሚያውቅ ሰርቨር

አንድ የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍል አስቡ። ጥግ ላይ ባለው ኮምፒውተር ኪዊክስ ተጭኗል፤ ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ የሚያስችል ነጻ ፕሮግራም ነው። መስመሩ ቢቋረጥም ንባቡ አይቋረጥም። ግን ተማሪው እዚያ ለመድረስ 192.168.1.20 ብሎ መጻፍ አለበት። ይህን ማን በቃሉ ይይዛል?

ኮምፒውተሮች የሚፈላለጉት በእንዲህ ያለ ቁጥር፣ ማለትም በአይፒ አድራሻ ነው። እኛ ስም ስንጽፍ ቁጥሩን ፈልጎ የሚሰጠን ዲኤንኤስ ሰርቨር ነው። ስልካችን ላይ ስም ነክተን እንደምንደውለው ማለት ነው። በአርፓኔት ዘመን ስሞቹ ሁሉ በአንድ ፋይል ተጽፈው ካሊፎርኒያ በሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ይቀመጡ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ ይገለብጣል። ኮምፒውተሩ ሲበዛ ይህ አላዛልቅ አለ። በ1983 እ.ኤ.አ. ፖል ሞካፔትሪስ ዝርዝሩን ለብዙ ሰርቨሮች የሚያከፋፍለውን ዲኤንኤስን ነደፈ።

የሚገርመው፣ ለአንድ ክፍል ያ የድሮው ዓይነት ፋይል ይበቃል። ዲኤንኤስማስክ የሚባል ትንሽ ነጻ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ ይጫናል፤ ራስፕቤሪ ፓይም ይችለዋል። ሆስትስ የተባለውን ፋይል ከፍታችሁ በአንድ መስመር ላይ መጀመሪያ ቁጥሩን፣ ቀጥሎ ስሙን ትጽፋላችሁ፤ ፕሮግራሙን አጥፍታችሁ ታስነሳላችሁ። አለቀ። የማያውቀውን ስም ሲጠየቅ ውጭ ላለ ሰርቨር ያስተላልፋል፤ መልሱንም ለጥቂት ጊዜ ይይዘዋል። የሚረሳው ቀጣዩ ነው፦ ራውተሩ ላይ ገብታችሁ የዲኤንኤስ ሰርቨራችሁን ቁጥር ካልሞላችሁ ማንም አይጠይቀውም። ቁጥሩም የማይቀያየር ይሁን።

ስሙ በ«ኢንተርናል» ቢያልቅ ይሻላል፤ አይካን በ2024 ለግል ኔትወርኮች የተወው መጨረሻ ስለሆነ ከውጭ ስም ጋር አይጋጭም።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚያው ፋይል የአንድ ባንክ ስም ጽፋችሁ የራሳችሁን ኮምፒውተር ቁጥር ብትሰጡት፣ ሰርቨሩ ሳያመነታ ያንኑ ይመልሳል። ካፌ ዋይፋይ ላይም ብዙ ጊዜ የምትጠይቁት የካፌውን ሰርቨር ነው። የሚያድናችሁ ኤችቲቲፒኤስ ነው፦ ሐሰተኛው ገጽ በባንኩ ስም የተሰጠ ትክክለኛ የምስክር ወረቀት ስለሌለው ብሮውዘሩ ያስጠነቅቃል። ማስጠንቀቂያውን ንቆ የሚያልፍ ሰው ነው የሚጎዳው።

ለመሞከር፣ የኢንተርኔቱን ገመድ ከራውተሩ ንቀሉና ስሙን ጻፉ (መብራት ከጠፋ ግን ሌላ ጉዳይ ነው)። ገጹ ከተከፈተ መልሱ የመጣው ከዚያው ክፍል ነው። ካልተከፈተ ብሮውዘሩን ፈትሹ፤ አንዳንዶቹ የክፍሉን ሰርቨር ዘልለው በቀጥታ ውጭ ይጠይቃሉ።